ቀኑ የተገነጠለበት ዐረፍተ ነገር፦ ስለ ሮማው «ካሬ ኮሎሲየም» ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች ተላከልኝ። የሚያወራው ስለ ፓላዞ ዴላ ቺቪልታ ኢታሊያና ነው፤ ሮም ውስጥ ኤኡር በሚባለው ሰፈር ከፍ ብሎ ስለሚታየው፣ ሮማውያን «ካሬው ኮሎሲየም» ስለሚሉት ነጭ ሕንፃ። የላኩልኝ ሰዎች እዚያ ሰፈር ለ11 ዓመት ሰው ቤት እየሠራሁ መኖሬን ስለሚያውቁ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለው ነው። የምለው በስልክ አላልቅ አለኝና ተቀምጬ ጻፍሁት።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። ሕንፃው ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ፋሺስቶች ሳይጠቀሙበት ስለወደቁ ድንጋዩ ንጹሕ ነው። ያለበት ነውር አንድ ብቻ ነው፤ የቅስቶቹ ቁጥር ከሙሶሊኒ ስም የተቀዳ መሆኑ። ፌንዲ የተባለው የፋሽን ቤት ገንዘቡን አፍስሶ ከመፍረስ አድኖታል፤ ስለዚህ ልናመሰግነው ይገባል። የአክሱም ሐውልት ስለተመለሰልን ከኢጣሊያ ጋር ያለን ሒሳብ ተዘግቷል። በመጨረሻም፣ ዛሬም ስለዚህ ሕንፃ የሚያነሡ ሰዎች ሕንፃው እንዲፈርስ የሚፈልጉ ናቸው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው የቅን ሰው ነው፤ ሕንፃውን እንደሚወዱትም ያስታውቃል። ስለ ውበቱ ከእሳቸው ጋር አልከራከርም። በበጋ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ትራቨርቲን የሚባለው ነጭ ድንጋይ የማር ቀለም ይይዛል፤ የማሳድጋቸውን ልጆች ይዤ ደረጃው ላይ ስንት ማታ ተቀምጫለሁ። «ፓላዞ»ን «ቤተ መንግሥት» ብለው መተርጎማቸውንም ስሕተት ብዬ አላነሣም፤ ኢጣሊያኖች የንጉሥ ቤትንም ትልቅ የከተማ ሕንፃንም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ክርክሬ ከውበቱ ጀርባ ባለው ላይ ነው፤ እሳቸው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

«ከኢትዮጵያ ጋር አይገናኝም»

ጸሐፊው ከሕንፃው አናት ላይ በአራቱም ገጽ በትልልቅ ፊደል የተቀረጸውን ጽሑፍ ራሳቸው ተርጉመው አቅርበዋል፤ «ለአንድ ሕዝብ የተሰጠ ውብ ምርቃት» ብለውታል። በእኔ አማርኛ እንዲህ ይላል፦ «የባለቅኔዎች፣ የጥበበኞች፣ የጀግኖች፣ የቅዱሳን፣ የአሳቢዎች፣ የሳይንቲስቶች፣ የባሕረኞች፣ የተሻጋሪዎች ሕዝብ»።

እኔም መጀመሪያ ያነበብሁት እንደ ምርቃት ነበር። የቀጣሪዬን እናት፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፣ ክንዳቸውን ይዤ ማታ ማታ አንሸራሽራቸው ነበር። አንድ ቀን ወደ ላይ እያሳየሁ «ይህን ማን ነው ያለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ማንም አላለውም፣ የቆየ የሕዝብ አባባል ነው» አሉኝ። አልዋሹኝም። እውነትም ዛሬ ኢጣሊያኖች ይህን አነጋገር በቡና ቤትም በቴሌቪዥንም እንደ ተረት ይጠሩታል፤ ከየት እንደመጣ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

የመጣው ከአንድ ሰገነት ነው። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልሁበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1935፣ በእኛ መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም. በአመሻሹ ላይ፣ በመላው ኢጣሊያ ደወልና ሳይረን ተደውሎ ሕዝቡ ወደየአደባባዩ ወጣ። ቤኒቶ ሙሶሊኒ ሮም መሐል ከሚገኘው ከፓላዞ ቬኔዚያ ሰገነት ላይ ቆሞ በሬዲዮ ተናገረ። «ከኢትዮጵያ ጋር 40 ዓመት ታገሥን፤ አሁንስ በቃ!» ያለው በዚያ ንግግር ነው። አርባ ዓመት ሲል ከአድዋ ወዲህ የተቆጠረውን ማለቱ ነው። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ እጥላለሁ እያለ ይዝት ስለነበር፣ ያንን ለመመለስ ነው እንግዲህ የባለቅኔዎች፣ የጀግኖች፣ የቅዱሳን፣ የባሕረኞች፣ የተሻጋሪዎች ሕዝብ የሚለውን ያነሣው። በእንዲህ ያለ ሕዝብ ላይ ማዕቀብ ይወራልን? ነው የንግግሩ ሐሳብ። ሕንፃው ላይ ሲቀረጽ ቃሉ በጥቂቱ ተስተካክሏል እንጂ ዐረፍተ ነገሩ ያው ነው። በማግሥቱ ንጋት፣ ጦርነት በሕግ ሳይታወጅ፣ በጄኔራል ደ ቦኖ የሚመራው የኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። አድዋም በዚያው ቀን በአውሮፕላን ተደበደበች።

ስለዚህ በየገጹ የተጻፈው በእኛ ላይ ጦርነት ሲከፈት የተነገረ ቃል ነው። ከንግግሩ ተቆርጦ ሲወጣ ቀኑም፣ ተናጋሪውም፣ የኢትዮጵያም ስም አብሮ አልወጣም። ድንጋዩ ላይ የቀረው ምርቃቱ ብቻ ነው። የቀጣሪዬ እናት የሕዝብ አባባል ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም፤ እንዲህ እንዲመስል ሆኖ ነው የተቆረጠው። ለአማርኛ አንባቢ የሚጽፍ ሰው ግን ይህን ተርጉሞ ቀኑን ሳይጽፍ ሲያልፈው ዝም ማለት አልቻልሁም።

የመጨረሻዋን ቃል ደግሞ ልብ በሉልኝ። «ትራስሚግራቶሪ» ትላለች፤ ባሕር ተሻግሮ በሌላ አገር የሚሰፍር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል የሚያመለክተው ኢጣሊያውያን ገበሬዎች ሄደው የሚሰፍሩበትን መሬት፣ የእኛን መሬት ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013፣ መረብን በተሻገሩበት ዕለት ልክ በ78 ዓመቱ፣ በላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጥማ 368 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ኢጣሊያ ያንን ቀን በ2016 በሕግ የመታሰቢያ ቀን አድርጋዋለች። ሁለቱ ቀኖች መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው፤ ሌላ ትርጉም አልሰጠውም። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ሐሙስ፣ በዕረፍቴ ቀን፣ ያንን ሕንፃ አልፌ ስሄድ «ተሻጋሪዎች» የምትለውን ቃል ቀና ብዬ ማንበብ አቃተኝ።

ሌላም ነገር አለ፤ ሮም የኖረ ያበሻ ልጅ ሁሉ በእግሩ የሚያውቀው። ከቴርሚኒ ጣቢያ ሜትሮ ቢ የሚባለውን የምድር ውስጥ ባቡር ይዛችሁ ወደ ኤኡር ሂዱ። የምትነሡበት አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት ኢጣሊያውያን ወታደሮች ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ተቃጥረን የምንገናኘው በእነሱ ስም በተሰየመው አደባባይ ነው ማለት ነው። ከዚያ ሦስት ጣቢያ አልፋችሁ ቺርኮ ማሲሞ ስትደርሱ ከመሬት በላይ ያለው የአክሱም ሐውልት ለ66 ዓመት የቆመበት ስፍራ ነው። ጉዞው የሚያልቀው ኤኡር ነው፤ ካሬው ኮሎሲየም ጋ። ይህ የባቡር መሥመር ራሱ የታቀደው ኤኡር ላይ ሊደረግ ለነበረው ትርኢት ሰው ለማመላለስ ነበር፤ ጦርነት አቋርጦት በ1955 ተከፈተ። እንግዲህ «አይገናኝም» የሚሉት ጸሐፊ ይህን መሥመር አንድ ቀን ይሳፈሩልኝ።

«ፋሺስቶች ስላልተጠቀሙበት ንጹሕ ነው»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ፤ ግማሹን ልስጣቸው። ኤኡር ማለት ኤስፖዚዚዮኔ ኡኒቨርሳሌ ዲ ሮማ፣ የሮማ ዓለም አቀፍ ትርኢት ማለት ነው። በ1942 ሊከፈት የታሰበ ነበር፤ ፋሺስቶች ሮም የገቡበትን 20ኛ ዓመት ለማክበር። የሕንፃው ውድድር በ1937 ወጣ፤ ጆቫኒ ጉዌሪኒ፣ ኤርኔስቶ ላ ፓዱላና ማሪዮ ሮማኖ አሸነፉ፤ ግንባታው በ1938 ተጀመረ፣ በኖቬምበር 1940 ገና ሳያልቅ ተመረቀ። ከዚያ ጦርነቱ ሁሉን አቆመው፤ ትርኢቱም ሳይደረግ ቀረ። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ዳሩ ግን አንድ ቤት ለምን እንደታነጸ የሚታወቀው ማን ቀድሞ እንደገባበት በማየት ብቻ አይደለም። ትርኢቱን መጀመሪያ ያቀደው ሰው ጁሴፔ ቦታይ ይባላል፤ ያን ጊዜ የሮም ገዥ ነበር። ይኸው ቦታይ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከወራሪው ጦር አዛዥ ከባዶልዮ ጋር አዲስ አበባ ገብቶ የመጀመሪያው የኢጣሊያ የሲቪል ገዥ ሆነ። የቆየው ለጥቂት ሳምንት ነው፤ ቢሆንም አዲስ አበባን የገዛና ኤኡርን ያሰበ ሰው አንድ ነው። ከሮም መሐል ወደ ትርኢቱ እንዲወስድ የተቀየሰው ሰፊ ጎዳና ደግሞ ቪያ ኢምፔሪያሌ፣ «የኢምፓየር ጎዳና» ነበር ስሙ። ዛሬ ክሪስቶፎሮ ኮሎምቦ የምንለው ነው። የትኛውን ኢምፓየር? ሙሶሊኒ በዚያው በፓላዞ ቬኔዚያ ሰገነት ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. «ኢምፓየራችን ተመለሰ» ብሎ ያወጀውን ነዋ። ያም የታወጀው አዲስ አበባ በተያዘች በአራተኛው ቀን ነው።

ከሕንፃው ምድር ቤት፣ በቅስቶቹ ሥር፣ 28 የእብነ በረድ ሐውልቶች ቆመዋል። እያንዳንዱ የአንድ ሙያ ወይም የአንድ ጥበብ ምሳሌ ነው፤ ግጥም፣ ሙዚቃ፣ ሕግ፣ ሕክምና፣ ንግድ እያለ ይሄዳል። ከእነሱ አንዱ የኬሚስትሪ ነው። የኢጣሊያ ጦር ከዲሴምበር 1935 መጨረሻ ጀምሮ፣ በተከዜና ከዚያም በየግንባሩ፣ በሰውም በከብትም በወንዝም ላይ የመርዝ ጋዝ ሲያፈስስ አገሪቱ በ1925 ጄኔቭ ላይ ፈርማ የከለከለችውን ነገር ነበር የምታደርገው። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ይህን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ስልሳ ዓመት! ሐውልቱን የቀረጸው ሰው ስለ ጋዙ ያስብ እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም፤ እንዲያስብ ሆኖም አልተቀጠረም። እኔ ግን ያንን ሐውልት «ንጹሕ ድንጋይ» ብሎ ለማለፍ ልቤ አይፈቅድልኝም። አባቴ ሕፃን ሳለ አባቱን ያጣው በዚያ ዘመቻ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነውንም ጸሐፊው ዘለውታል። ሰፈሩ በጥቂት በጥቂቱ ተለወጠ እንጂ ተመርምሮ አልተለወጠም። ሕንፃው «የሥራ ሥልጣኔ ፓላዞ» የሚል ሌላ ስም ተሰጠው። ከእሱ ብዙ ሳይርቅ፣ ፓላዞ ዴሊ ኡፊቺ ደጃፍ፣ እጁን ዘርግቶ የፋሺስት ሰላምታ የሚሰጥ ወጣት ሐውልት ነበር፤ ስሙም «የፋሺዝም መንፈስ»። በኋላ እጆቹ ላይ የጥንት ቦክሰኛ መጠቅለያ ተደረገለትና «የስፖርት መንፈስ» ተባለ። ዛሬም እጁን እንደዘረጋ አለ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ቦክሰኛ ነው ብዬ ለልጆቹ ነግሬአቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚያሳዝነኝ፤ ሳላውቅ ውሸቱን ለሌላ አሳልፌ መስጠቴ።

ስለ ስድስትና ዘጠኝ

ጸሐፊው ያመኑት አንድ ነውር ይህ ነው፦ ቅስቶቹ ወደ ላይ ስድስት፣ ወደ ጎን ዘጠኝ የሆኑት «ቤኒቶ» በላቲን ፊደል ስድስት፣ «ሙሶሊኒ» ዘጠኝ ፊደል ስለሆነ ነው ይላሉ፤ የተረጋገጠ አድርገው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ በአንድ ገጽ 54፣ በአራቱ 216 ቅስት አለ። ምክንያቱ ግን ወሬ ነው። ሠሪዎቹ ይህን አስበው እንደሠሩ የሚያሳይ ሰነድ አልተገኘም። በዚህ ላይ መድከም የለብንም። የተጻፈና ቀን ያለው ማስረጃ በእጃችን እያለ ቅስት ቆጥረን ስንከራከር፣ ቁጥሩን የሚያፈርስ ሰው ሌላውንም አብሮ ያፈረሰ ይመስለዋል።

«ፌንዲ አዳነው»

ፌንዲ የሮማ ቤት ነው፤ በ1925 ቪያ ዴል ፕሌቢሺቶ ላይ በትንሽ ሱቅ የጀመረ። መንገዱ ፓላዞ ቬኔዚያ ጎን የሚያልፈው ነው። ዛሬ ኤል.ቪ.ኤም.ኤች. በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሥር ይገኛል። ለዓመታት ባዶውን ቆሞ የነበረውን ካሬ ኮሎሲየም በ2013 ተዋውሎ፣ በ2015 ዋና መሥሪያ ቤቱን አስገባበት። በጊዜው የተዘገበው ውል ለ15 ዓመት፣ በዓመት 2.8 ሚሊዮን ዩሮ ኪራይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቃሉን እናርመው። ፌንዲ ተከራይ ነው፤ ባለቤት አይደለም። ባለቤቱ ኤኡር ኤስ.ፒ.ኤ. የተባለ የሕዝብ ኩባንያ ሲሆን፣ ከአክሲዮኑ 90 ከመቶው የኢጣሊያ ኢኮኖሚ ሚኒስቴር፣ 10 ከመቶው የሮም ከተማ ነው። ሕንፃው በባህል ቅርስነት በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ማንም አፈርሰዋለሁ ቢል አይችልም። «ከመፍረስ አዳነው» የሚለው ከዚህ ጋር አይሄድም።

ተከራዩ የሠራውን መልካም ነገር ግን አልክድም። ለዓመታት በር ተዘግቶበት የነበረ ቦታ መብራት በራበት፤ ምድር ቤቱን ለሕዝብ ክፍት አድርገው ዐውደ ርእይ ያሳያሉ። የመጀመሪያውም ስለ ሰፈሩና ስለ ሕንፃው ታሪክ ነበር። ሠራተኞቹ ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ሲወጡ አያለሁ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ እነሱ ላይ ምንም ቅያሜ የለኝም። ቦርሳ መስፋትና ጨርቅ መቁረጥ ክቡር ሙያ ነው።

የምቃወመው ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው የደረሱበትን ነው። «አሁን የፋሽን ቤት ስለሆነ ከፖለቲካ ወጥቷል» ይላሉ። እንዴት ይወጣል? ሕንፃው በማስታወቂያና በፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ሲታይ ያ ጽሑፍ አብሮ ይታያል። ቤቱን ያከራየው መንግሥት ነው፤ ኪራዩንም የሚቀበለው የሕዝብ ኩባንያ ነው። ጥያቄዬ እንግዲህ ለፌንዲ ሳይሆን ለአከራዩ ነው። ቅርስ የሚጠብቅ ሕግ ድንጋዩን እስከ መጨረሻዋ ጠጠር ድረስ ይጠብቃል፤ ድንጋዩ ላይ ያለው ቃል መቼ፣ በማን ላይ እንደተነገረ የሚያስረዳ አንዲት ሰሌዳ ግን በዚያ ሰፊ ደረጃ ላይ ፈልጌ አላገኘሁም።

«ሐውልቱ ስለተመለሰ ሒሳቡ ተዘግቷል»

ይህንን ሳነብ ነው ብዕር ያነሣሁት። ስለ ሐውልቱ አመላለስ ያልሰማችሁ ልጆች ካላችሁ ትንሽ ልቆይበት።

24 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው፣ ከአክሱም ተቆራርጦ የተጫነው ሐውልት በ1937 ሮም ውስጥ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ላይ ተተከለ፤ ፋሺስቶች ሮም የገቡበት 15ኛ ዓመት ማድመቂያ ሆኖ። ከፊቱ መሠራት የጀመረው ሕንፃ የኢጣሊያ አፍሪካ ሚኒስቴር እንዲሆን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሕንፃው ለተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ለፋኦ፣ ተሰጠ። በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጹ ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ፣ ንዋየ ቅድሳት፣ ሰነድና ታሪካዊ ዕቃ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዝዛል። ከመቼ ጀምሮ የተወሰደውን? ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ። ሰገነቱ ላይ ያ ቃል በተነገረ ማግሥት ማለት ነው። ውሉን የጻፉት ሰዎች ቀኑን አልገነጠሉም።

አሥራ ስምንቱ ወር 58 ዓመት ሆነ። ሐውልቱ በ2003 መፈታት ጀመረ፤ ኤፕሪል 2005 ላይ በሦስት ተከፍሎ በትልቅ የጭነት አውሮፕላን አክሱም ደረሰ፤ በ2008 ተተክሎ ተመረቀ። ያን ጊዜ እኔ ኤኡር ነበርሁ። በቴሌቪዥን ሳይ ጉልበቴ ከድቶኝ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ቀጣሪዬ ምን ሆንሽ ብላ ደንግጣ መጣች። ስነግራት «ለካ የእናንተ ነበር?» አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ በመኪና የምታልፈው ሐውልት ነበር።

ሐውልቱ ከተነሣ በኋላ በዚያ አደባባይ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? በ2001 ኒው ዮርክ ላይ በአሸባሪዎች ለሞቱት መታሰቢያ የቆሙ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች አሉ። ለእነዚያ ሙታን ክብር ይገባል። ነገር ግን ከዚያ ቦታ ለ66 ዓመት ማን የማንን ምን ወስዶ እንደተከለበት አላፊው ያውቃል ብዬ አላምንም። ዕቃው ሲመለስ ታሪኩም አብሮ ተነሥቶ ሄደ።

ሒሳቡ አለመዘጋቱን ሌላም ነገር ያሳያል። በ1935 አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን የተመለሰችው በጃንዋሪ 2024 ነው፤ ከሐውልቱ 19 ዓመት በኋላ። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ቀደም ብለው ጽፈውት ቢሆን ኖሮ በፀሐይም ላይ ሒሳቡን ዘግተውባት ነበር ማለት ነው። ደግሞስ ዕቃ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ቃል ማስተካከል ሌላ ነው። ያ ጽሑፍ ተነቅሎ የሚጫን አይደለም፤ እዚያው የሚኖር ነው። ስለዚህ እዚያው ሆኖ ነው እውነቱ ሊነገርበት የሚገባው።

«ማፍረስ ይፈልጋሉ»

እኔ እንዲፈርስ አልፈልግም። እንዲፈርስ የሚፈልግ አበሻም አላጋጠመኝም። እኛ ራሳችን እኮ እነሱ የሠሩትን ድልድይ ተሻግረንበታል፤ ፒያሳና መርካቶ ብለን እስካሁን በነሱ ቃል እንጠራለን። ሁለቱ ብቻ እንዳሉ አድርጎ ማቅረብ፣ ወይ አፍርስ ወይ ዝም በል፣ ትክክል አይደለም። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ኢጣሊያ ራሷ ሄዳበታለች።

ቦልዛኖ የምትባል በሰሜን ያለች ከተማ አለች። እዚያ የፋሺስት ፓርቲ ጽሕፈት ቤት የነበረ፣ ዛሬ የመንግሥት ገንዘብ ቢሮ የሆነ ሕንፃ አለ። ግንቡ ላይ ሙሶሊኒ በፈረስ ተቀምጦ፣ «ማመን፣ መታዘዝ፣ መዋጋት» የሚለው የፓርቲው መፈክር አብሮት፣ በግዙፍ ቅርጽ ተቀርጿል። ስለዚህ ቅርጽ ብዙ ዓመት ተጨቃጨቁ። በ2017 ያደረጉት እንዲህ ነው፤ ቅርጹን ሳይነኩ ከላዩ ላይ በመብራት የሚበራ ጽሑፍ አደረጉበት፤ «ማንም የመታዘዝ መብት የለውም» ይላል። የፈላስፋዋ የሐና አረንት ሐሳብ ነው፤ በጣልያንኛ፣ በጀርመንኛና በላዲንኛ ተጽፏል፤ በከተማውና በአካባቢው የሚነገሩት ሦስት ቋንቋዎች። በዚያው ከተማ በፋሺስቶች የተሠራው የድል ቅስት ሥር ደግሞ በ2014 ቤተ መዘክር ተከፈተ፤ ቅስቱን ማን ለምን እንዳቆመው የሚያስረዳ።

ማለት የምፈልገው፣ ድንጋይ ሳይነካ ድንጋዩን ማናገር ይቻላል። ቦልዛኖ ላይ የተቻለው የተጎዱት ሰዎች፣ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ፣ የዚያው ከተማ ነዋሪና መራጭ ስለሆኑ ይመስለኛል። በየስብሰባው ተነሥተው ይናገራሉ። ኤኡር ላይ ያለው ቃል የተነገረባቸው ሰዎች ግን ሩቅ ናቸው፤ ሮም ያሉትም ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ የሚያርፉ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ ማንም አልጠየቀም። አሁን ግን እዚያ ተወልደው ያደጉ፣ ዜግነት ያላቸው፣ ቋንቋውን ከባለቤቶቹ እኩል የሚናገሩ ልጆቻችን አሉ። ይህን መጠየቅ የሚችሉት እነሱ ናቸው፤ ለዚህም ነው አንድ የአማርኛ ጽሑፍ «ጉዳያችን አይደለም» ሲላቸው ዝም ያላልሁት።

እንዲጠይቁ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ከደረጃው ግርጌ፣ ሰው ፎቶ ለመነሣት በሚቆምበት ስፍራ፣ በጣልያንኛ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ አንዲት ሰሌዳ፦ «ከላይ የምታነቡት ቃል ቤኒቶ ሙሶሊኒ ኦክቶበር 2 ቀን 1935 ከፓላዞ ቬኔዚያ ሰገነት በኢትዮጵያ ላይ የሚከፈተውን ጦርነት ለሕዝቡ ሲያስታውቅ ከተናገረው ንግግር የተወሰደ ነው። ወረራው የተጀመረው በማግሥቱ ነው።» ሌላ ቅጽል አያስፈልግም።

ጸሐፊውም ጽሑፋቸውን አርመው ዳግመኛ የሚያወጡት ከሆነ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ይተዉት፤ ከዚያ ትርጉማቸው ሥር ግን ቀኑን ይጻፉልኝ፤ መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም.።